ዘይቱ ቅቤ ሲሆን

እማዬን ሰው ሆዳም ይላታል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ያለቻት ደሞ ሲስተር ሰፍያ ናት፤ ጤና ጣቢያ የስኳር ታካሚዎችን የምታየዋ ነርስ። የእማዬን ጣት ወጋች፣ ደሟን ማሽኑ ላይ አደረገች፣ ቁጥሩን አየች፣ ከዛ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣

«ፍቅርአዲስ፣ አንቺ ሴትዮ እየበላሽ ነው አይደል?» አለቻት።

እማዬ የተወጋ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ትናንት ጠዋት ምን በላሽ?»

«ያው... ቂጣ።»

«ምሳስ?»

«ቂጣ።»

«እራትስ?»

እማዬ ወደኔ ዞረች። እኔ ወደ ጣራው አየሁ። እራትም ቂጣ ነበር።

«በይ ክኒኑን እጨምርልሻለሁ። ግን ክኒን ብቻውን አይሠራም፣ አፍሽንም ያዝ አድርጊው። ጎመን ብዪ፣ ምስር ብዪ፣ እንቁላል ብዪ። እሺ?»

«እሺ እህቴ» አለች እማዬ፣ ልክ ቤቱ እንቁላል ተርፎ እንደሚደፋ ሰው።

ስንወጣ ሳቄ መጣ። የምሬን ነው። እማዬ ቀሚሷ ሰፍቷት ወገቧ ላይ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዘችው። እንግዲህ አፍሽን ያዢ የተባለችው እሷ ናት።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ምኑን?»

«እንዲህ የምንበላው እርዳታው በመጣ ሳምንት ብቻ እንደሆነ ነዋ።»

«ሃኒ፣ መንገድ ላይ ነን» አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ወደፊት ሄደች። መንገድ ላይ መሆናችን የሚገድ ይመስል። ባጃጁ ሁሉ እየጮኸ፣ ማን ይሰማናል? ግን እማዬ እንደዛ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን የያዘችው እማዬ ነበረች፣ በበርበሬ። ከመስቃን ገበሬዎች ትረከባለች፣ ቤት አምጥታ እንቀነጥሳለን፣ ቡታጅራ ገበያ ትሸጣለች። እኔና እህቴ አደይ ስናስነጥስ ነው ያደግነው ማለት ይቻላል። ከዛ ስኳሩ መጣ። እግሯ መደንዘዝ ጀመረ፣ ዓይኗ ብዥ ይላል፣ ጆንያ መሸከም ቀረ፤ ንግዱም ቀስ እያለ ከእጇ ወጣ። በኋላ ቀበሌው በየወሩ ስንዴ፣ አተር ክክና ዘይት እንድንወስድ አደረገ። እግዜር ይስጣቸው፣ እሱ ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም።

ታዲያ ስንዴ የሚታደለውና እማዬ ጤና ጣቢያ የምትቀጠረው አንድ ሳምንት ላይ ነው። ሲርበው የከረመ ሰው ስንዴ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ቂጣ ይጋግራል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ነገ ደሞ ቂጣ። ስኳሯ ይወጣል። ሲስተር ሰፍያ የምታያት ያኔ ነው። ወሩ ሲያልቅ፣ ጆንያውን አራግፈን ከታች ያለውን ዱቄት ስንጠርግ፣ ያኔ እማዬን የሚለካት የለም።

አተሩና ዘይቱስ ትሉኝ ይሆናል። ዘይቱ ቅቤ ይሆናል። አተሩም ቅቤ ይሆናል።

እኛ ሰፈር ሴቶቹ የቅቤ እቁብ አላቸው። ድሮ ገጠር ላም ያላቸው እናቶች የጀመሩት ነው። እያንዳንዷ በየሳምንቱ ትንሽ ቅቤ ታመጣለች፣ የሁሉም አንድ ላይ ይሆንና ለአንዷ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። በዓል ሲደርስ የማንም ቤት አይጎድልም። የእኛው ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። ዕጣ ይወጣል ይባላል እንጂ የሙስሊሞቹ ሁሌ ወደ አረፋ፣ የክርስቲያኖቹ ወደ መስቀል ነው የሚወድቀው። እንዴት እንደዛ እንደሚሆን የምታውቀው የእቁቡ ዳኛ እትዬ መሕቡባ ብቻ ናት። እትዬ መሕቡባ ጎረቤታችን ናት፣ ሱቅ አላት፣ ድምጿ ደሞ ሱቋ ቁጭ ብላ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል።

ላም የሌለው ሰው ግን ቅቤ ከየት ያመጣል? እማዬ የእርዳታውን ዘይት በፌስታል ትጠቀልልና ሰልሚያ ለምትባል ከገጠር በጋሪ ቅቤ ለምታመጣ ሴትዮ ትሰጣታለች። ሰልሚያ በምትኩ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ትሰጠናለች። ይዤ የምመላለሰው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሰለቸኝና፣ «እማዬ፣ ዘይቱን እኛ ብንበላውስ?» አልኳት።

«መስቀል ሲመጣ ለአጎትሽ ምን ልታቀርቢለት ነው? ዘይት?»

«እና ዘይት ቢቀርብለት ይሞታል?»

«እሱ አይሞትም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

መጨመርም አያስፈልጋትም፣ ገብቶኛል። አምና መስቀል ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ አበራ መርካቶ ሱቅ አለው፣ ለመስቀል እንደ ሁሉም ጉራጌ ይመጣል። ቤታችን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አደይን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ፍቅርአዲስ፣ ብቻሽን ከከበደሽ ይቺን እኔ ልውሰዳትና አዲስ አበባ ትማር» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ማገዙ ነው። እማዬ ሳቅ አለች፣ «አረ ምን ከብዶኝ» አለች። ከዛን ቀን ወዲህ ግን ለሷ መስቀል በዓል አይደለም፣ ፈተና ነው። ቤቱ ከሞላ አደይ ትቀመጣለች። ቤቱ ከጎደለ አደይ ትሄዳለች። ስኳር እንዳለባትም፣ እርዳታ እንደምንወስድም ለአጎቴ አልነገረችውም። ለእትዬ መሕቡባም ስኳሩን እንጂ እርዳታውን አልነገረቻትም። ስንዴውን የምናመጣው ሰፈሩ ጭር ሲል ጠብቀን፣ በሌላ መንገድ ዞረን ነው።

ፍልሰታ ሲገባ እማዬ ደስ አላት። ሌላው ጾም ገባ ብሎ ፊቱን ሲያጠቁር፣ እሷ ቀለል አላት። ለምን አልበላሽም የሚላት የለማ። ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች፣ ለእኔና ለአደይ ታቀርብና እሷ፣ «ቤተክርስቲያን ጋ ቀማምሻለሁ» ትላለች። ቤተክርስቲያን ጋ ምን እንደሚቀመስ እንጃ።

ጾሙ ተፈታ። ሰፈሩ ሁሉ በላ። እማዬ ግን፣ «ስለት አለብኝ፣ ትንሽ እጨምራለሁ» አለች።

«የምን ስለት?»

«ስለት ይነገራል እንዴ?»

«ክኒኑስ?»

«ክኒን ምግብ ነው? በውሃ ይዋጣል።»

እና በውሃ ዋጠችው። ያንን ሲስተር ሰፍያ የጨመረችውን፣ ባዶ ሆዷን፣ በየቀኑ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዝናብ እየዘነበ፣ ብርድ እየሆነ እሷን ያልባታል። እኔን አደይ፣ አደይን ሃኒ ትለናለች። አደይ ይሄ ጨዋታ መስሏት ደስ ብሏታል፤ «አቤት፣ እኔ ሃኒ ነኝ» እያለች ትመልሳለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እትዬ መሕቡባ ግቢ እቁብ ነበር። ሴቶቹ ቅቤያቸውን በኮባ በኮባ ይዘው ተሰብስበዋል፣ ሚዛኑ ወጥቷል። የእትዬ መሕቡባ ልጅ ናጃህ፣ ጓደኛዬ ናት፣ ሻይ እያዞረች ነበር። የእማዬ ተራ ደረሰ። እትዬ መሕቡባ ሚዛኑ ላይ አደረገችውና፣

«ፍቅሬ፣ ትንሽ ጎድላለች፣ ግድ የለም የሚቀጥለው ላይ ትሞይዋለሽ» አለች።

«አልጎደለም» አለች እማዬ።

«እሺ አልጎደለም» ሳቀች እትዬ መሕቡባ።

«ሚዛንሽ ነው ሌባ!»

እማዬ እኮ በሕይወቷ ከሰው ጋ ተጣልታ አታውቅም። ዶሮ ስታባርር እንኳን ይቅርታ የምትል ዓይነት ናት።

«ፍቅሬ? እኔን ነው?»

«አንቺን! ከነሚዛንሽ!»

ሁለት ሴቶች ሳቁ፣ ቀልድ መሰላቸው። እማዬ ቅቤውን ከሚዛኑ ላይ አነሳችና እጇ ላይ ጨመቀችው፣ በጣቶቿ መሃል ወጣ። ከዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መቀመጥም አይባልም፣ እግሯ ከዳት። ፊቷ ላይ ላቡ ይወርዳል፣ ዓይኗ ግን የትም አያይም።

ግርግር ሆነ። አንዷ፣ «ዓይን ነው! ሰው በልቷታል!» ትላለች። ሌላዋ ጤና አዳም ፍለጋ አጥር ለአጥር ትሮጣለች። ናጃህ የያዘችውን ሻይ ወደ እማዬ አፍ ልታስጠጋ ስትል ሁሉም ጮኹባት።

«አንቺ! ስኳር በሽታ ላለባት ጣፋጭ ሻይ? ልትገያት ነው?»

ናጃህ ደንግጣ ብርጭቆውን መለሰችው። እኔም አልተቃወምኩም፤ ያኔ እኔም የማውቀው እሱኑ ነበር። እማዬን በእቅፍ አንስተን ባጃጅ ውስጥ ከተትናት፣ እትዬ መሕቡባ ከኋላ ይዛት፣ እኔ እግሯን ይዤ።

ደግነቱ ሲስተር ሰፍያ ተረኛ ነበረች። ጣቷን ወጋች፣ ማሽኑን አየች፣ እንደገና አየች። ከዛ ሮጠች። ግሉኮስ በእጇ ሰቀሉላት። ትንሽ ቆይቶ እማዬ ዓይኗን ገለጠችና ያለችውን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

«ቅቤው ተመዘነ?»

እትዬ መሕቡባ አለቀሰችም ሳቀችም። «ተመዘነ፣ ወላሂ ሞልቷል፣ ተርፏል» አለቻት።

ሲስተር ሰፍያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ስኳርሽ ወርዶ ነው፣ ሊገድልሽ ነበር» አለች። ከዛ ወደ እኛ ዞረች። «ዛሬ ምን በልታ ነው?»

የመለሰችው እትዬ መሕቡባ ናት። «ስለት ይዛ ነው እንጂ ፍቅሬ የሚበላ አጥታ አይደለም። አልሐምዱሊላህ፣ ቤቷ ሙሉ ነው።»

እማዬ ትራሱ ላይ ሆና አየችኝ። አፏ አልተንቀሳቀሰም፣ ግን ያ አስተያየት «መንገድ ላይ ነን» ያለችኝ ጊዜ የነበረው ነው።

ምን ላድርግ? ከተናገርኩ እትዬ መሕቡባ ትሰማለች። እሷ ከሰማች እቁቡ ይሰማል፣ እቁቡ ከሰማ መስቀል ላይ አጎቴ መስማቱ የት ይቀራል፣ አደይን ይዟት ይሄዳል። ዝም ካልኩ ደሞ ሲስተር ሰፍያ ያንኑ ክኒን ሰጥታ ወደ ቤት ትልከናለች። እማዬ የምትሄደው ከአደይ በፊት ነው።

«ስለት የለባትም» አልኩ።

«ሃኒ» አለች እማዬ።

«የለባትም! ዛሬ አልበላችም። ትናንት ሻይ ብቻ። ስንዴው አልቋል። እኛ የምንኖረው በእርዳታ ነው፣ እሱም በመጣ ሳምንት ብቻ ነው የምንጠግበው። ዘይቱንና አተሩን ለቅቤ ትሰጠዋለች፣ ቅቤውን ለእቁብ። እሷ ክኒን ነው የምትበላው።»

አንዴ ከጀመርኩ መቼም ማቆም አልችልም፣ ስለ አጎቴም ስለ አደይም ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሲስተር ሰፍያ መነጽሯን አውልቃ በጋዎኗ ጠረገችው። «ሁሌ እኔ ጋ የምትመጪው እርዳታው በመጣ ሳምንት ነው ማለት ነው?»

«አዎ» አለች እማዬ፣ ግድግዳውን እያየች።

«እኔ ደሞ ምን በላሽ እንጂ ምን አጣሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።» ካርዷን ሳብ አደረገች። «ስሚኝ ፍቅርአዲስ። የጨመርኩትን እቀንሰዋለሁ። የቀረውን ስትውጪ ምግብ አጠገብሽ ይኑር። ምግብ ከሌለ አትዋጪው፣ እኔ ጋ ነይ። ይሄ ክኒን የሚሠራበት ምግብ ካጣ አንቺኑ ነው የሚበላሽ። ወሩ ሲጀምርም ሲያልቅም አይሻለሁ። ደሞ ሲያንቀጠቅጥሽ፣ ሲያልብሽ፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ጠጪ።»

«ጣፋጭ?» አለች እትዬ መሕቡባ። «ሻዩን እኮ ነጠቅናት! ያ አላህ! ልጄ ልታድናት ነበር፣ እኛ ጮኽንባት!»

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እትዬ መሕቡባ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣

«ፍቅሬ፣ እኔ አረፋን ያሳለፍኩበት ቅቤ ውስጥ ያንቺ ምሳ ነበረበት?» አለቻት።

«ተይ መሕቡባ» አለች እማዬ።

እማዬ አኮረፈችኝ። ያውም እንዴት ያለ ኩርፊያ! የምታናግረኝ በአደይ በኩል ነው። «አደይ፣ እህትሽን ውሃ ቅጂ በያት።» «እማዬ፣ እዚሁ አጠገብሽ ናት እኮ።» «ብትሆንስ፣ በያት።» አደይ ዞር ትልና፣ «ውሃ ቅጂ ተብለሻል» ትለኛለች፣ ኮስተር ብላ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር።

በሚቀጥለው እሁድ ሴቶቹ በሙሉ ቤታችን መጡ። እቁብ ላይ የቸገረው ሰው ዕጣው ይቀድምለታል፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ደንቡ ነው። የእማዬ ተራ ለመስቀል ሳምንት ነበር፤ አስቀድመው አመጡት። ኮባው ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ማንም ስለ እርዳታ አላነሳም። አንዷ ስለ ዝናቡ አወራች፣ አንዷ ስለ ልጇ ጥርስ። እማዬ አንገቷን ደፍታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለመስቀል አነጥረዋለሁ» አለች።

«የመስቀል አይደለም፣ የአሁን ነው» አለች እትዬ መሕቡባ።

«ለመስቀልስ?»

«እስከዛ ካልኖርሽ መስቀሉን ማን ሊያከብረው ነው? ዝም ብለሽ ብዪ!»

ሴቶቹ ሲወጡ እማዬ ቅቤው ፊት ቁጭ አለች። ብዙ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁሉም ከተነጠረ ለአጎቴም ለእንግዳውም ይበቃል፣ ጎመኑ በቅቤ ይዋኛል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ አደይ ጓሮ ገመድ ስትዘል ድምጿ ይሰማል።

ከዛ አንዱን ኮባ አንስታ ወደኔ ዘረጋችው።

«ወደ ሰልሚያ ሂጂ» አለችኝ። ለእኔ፣ በቀጥታ። «በምትኩ እንቁላል ትስጥሽ። ከዛ በሌላው ደሞ ምስር።»

ሰልሚያ ቅቤ ይዤላት ስሄድ ግራ ገባት። «ዛሬ ደሞ ወደ ኋላ ነው የምትሄዱት?» አለችኝ። ሳቅኩ። በየሳምንቱ ኮባው እየቀነሰ ሄደ። በየጠዋቱ ሳህን ፊቷ አስቀምጬ እጠብቃታለሁ፤ ያለ ምግብ ክኒን የለም። «እናት ሆንሽብኝ» እያለች ታማርራለች። ግን ትበላለች። እጇ መንቀጥቀጥ ተወ፤ እኔንም ሃኒ ትለኛለች፣ አደይ ቅር ቢላትም።

መስቀል ደረሰ። አጎቴ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ከብት ከመታረዱ በፊት የጎመን ክትፎ በሚበላበት ቀን ከሰዓት። ለአደይ ጫማ፣ ለእማዬ ሻሽ ይዞ። ቤቱን አጽድተን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ቆጮውን ቆርሰን፣ ጎመኑን በጣባ አቀረብን። ቅቤው ግን ሳስቶ ነበር። ያስታውቃል፤ አምና ጎመኑ አብለጭልጮ ነበር፣ ዘንድሮ ደብዝዟል።

እኛ ጋ የቤቱ ሴት ቆማ ነው የምታስተናግደው። እንግዳው ይበላል፣ ብዪ ብዪ ትባላለች፣ ቆይ ቆይ ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ከተረፈ ጓዳ ገብታ ትቀምሳለች። አጎቴ እጁን ታጥቦ ጠበቀ። እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክኒኗን ከመቀነቷ ፈታች፣ በውሃ ዋጠች፣ ቆጮ ቆረሰች፣ ጎመን አፈሰችበት፣ ጎረሰች። ከማንም በፊት። አጎቴ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ፍቅርአዲስ፣ ደህና ነሽ?»

«ይቆዩኝ ጋሼ አበራ፣ ልዋጥ።»

ዋጠች።

«ደህና አይደለሁም። ስኳር አለብኝ። የምንበላው የእርዳታ ስንዴ ነው፣ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ክኒኑ ደሞ ምግብ ካጣ ይጥለኛል። ለዚህ ነው የቀደምኩዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አጎቴ ወደ አደይ አየ።

«እንግዲያ ለምን አትነግሪኝም? ይቺን ልጅ እኔ...»

«አይወስዷትም» አለች እማዬ፣ ሁለተኛውን እየቆረሰች።

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ያግዙኝ። ወሩ ሲያልቅ ምስር ይላኩልኝ። የጎደለኝ ምስር ነው፣ የተረፈኝ ልጅ የለም።»

አጎቴ ቆጮውን አነሳ፣ ጎመን ጨመረበት፣ ጎረሰ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ቅቤው አንሷል» አለ።

«አዎ» አለች እማዬ። «በልቼዋለሁ።»